ወንድማችን የጃኬታችን ጠባቂ አይደለም

የጭሮ፣ የሂርና፣ የገለምሶ፣ የበዴሳ፣ የመቻራና የሚኤሶ ወጣቶች ሆይ!

በአላህ ስም እንጀምራለን። ዛሬ የምንጽፈው በሌላ ሰው ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም፤ ጣቱ የሚያመለክተው ወደ ራሳችን ነው። የምትቆጡ ካላችሁ ግን አንብባችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ተቆጡ።

እኛ ጭሮ ውስጥ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሜዳ ወርደን ኳስ የምንጫወት ልጆች ነን። በጀመዓችን ሁለቱም ዐይኖቹ የማያዩ አንድ ወንድም አለን። ቁርኣንን ሐፍዟል፤ በረመዳን ተራዊሕ ሲያሰግደን ድምፁን ለመስማት ከሌላ ሰፈር የሚመጣ አለ። ጠዋት ሜዳ ስንወርድ እሱንም ክንዱን ይዘን እንወስደዋለን። እንደደረስን ጃኬታችንን እያወለቅን ጭኑ ላይ እንከምራለን፤ ስልካችንን፣ ቁልፋችንን፣ የኪስ ቦርሳችንን እናስረክበዋለን። እሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ እኛ እንሮጣለን። ሲያልቅ "ጀዛከላሁ ኸይር" ብለን ዕቃችንን እንቀበልና ክንዱን ይዘን ወደ ቤቱ እንመልሰዋለን።

ይህ 2 ዓመት ያህል ቆየ። ለማናችንም ነውር ሆኖ አልታየንም። እንዲያውም እንኮራበት ነበር፤ "እኛ ጋ ዐይነ ስውር አይገለልም፣ የትም ስንሄድ አብሮን ነው" እንል ነበር።

አንድ ብርዳም ጠዋት ከመካከላችን አንዱ "አይበርድህም ወይ?" አለው። "የ10 ሰው ጃኬት ታቅፌ ምን ይበርደኛል?" ብሎ ሳቀ። ትንሽ ዝም አለና፣ "ስትሮጡ መሬቱ ይነግረኛል፤ ማን እንደፈጠነ፣ ማን እንደደከመ በኮቴው አውቃለሁ። እኔ ግን ከሮጥኩ 9 ዓመቴ ነው" አለን።

9 ዓመት! ስንት ጊዜ አብረነው ሰገድን፣ ስንት ኢፍጣር አብረነው በላን፣ ስንት ጊዜ ቁርኣን አስቀራን። "መሮጥ ትፈልጋለህ?" ብሎ የጠየቀው ግን አንድም ሰው የለም።

የዛሬው ሐሳባችን አጭር ነው። በከተሞቻችን ማየት የተሳናቸውን ወንድሞችና እህቶች ከሜዳ ያራቃቸው የዐይናቸው አለማየት አይደለም። የበጀት እጥረትም አይደለም። ያራቃቸው የእኛ እዝነት ነው፤ ሰውን የሚያስቀምጥ እንጂ የማያስነሳ እዝነት።

የከፈትናቸው በሮች ሁሉ የመቀመጫ በሮች ናቸው

እስቲ በእውነት እንነጋገር። በእኛ አገር አንድ ዐይነ ስውር ወጣት ያለ ምንም ጥያቄ ቦታ የሚሰጠው የት ነው?

በርጫ ላይ። ፍራሽ ይነጠፍለታል፣ ትራስ ይደገፍለታል፣ ጫቱ እጁ ላይ ይቀመጥለታል፣ ውሃው አጠገቡ ይደረግለታል። ከዙህር በኋላ የተቀመጠ መግሪብ ድረስ እዚያው ነው። ስለ ጫት ፈትዋ ልንሰጥ አይደለም፤ ዑለማዎቻችን ብዙ ብለውበታል። እኛ የምንለው ሌላ ነው፤ ለመቀመጥ ሲሆን ሁላችንም እጁን እንይዘዋለን፣ ለመነሳት ሲሆን ግን ማንም የለም።

ትምህርት ቤትስ? የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ "አንተ እዚህ ጥላ ስር ሁን" ይባላል። ክፉ መምህር ስለሆነ አይደለም፤ እንዳይጎዳበት ፈርቶ ነው። ማርኩንም ይሰጠዋል። ልጁ ሳይሮጥ፣ ሳይዘል፣ ሳይወረውር ከዓመት ዓመት ያልፋል። በወረቀት ላይ ስፖርት ተምሯል፤ እግሩ ግን ምንም አልተማረም።

ቤት ውስጥም ያው ነው። እናት ከፍቅሯ ብዛት "ልጄ፣ እንዳትወድቅብኝ ቁጭ በል" ትላለች። ውሃ እንዲቀዳ አይላክም፣ እንጨት አይፈልጥም፣ ዳገት አይወጣም። መስጂድ ስንመጣ ደግሞ ሰደቃ እጁ ላይ እናስቀምጥና የቀረው የአላህ ነው ብለን እንሄዳለን።

ስለ ጥቂት ሰዎች የምናወራ የሚመስለው ካለ ቁጥሩን ይስማ። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የዐይን ጤና ጥናት መሠረት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዐይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ እይታው የደከመ ነበር። ይህን ወደ መስጂድ እናምጣው። ጁምዓ 1000 ሰው ከሰገደ በዚያ ስሌት 16ቱ አያዩም፣ 37ቱ በደንብ አያዩም ማለት ነው። ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ አባቶች ናቸው፤ የዐይን ሞራና ትራኮማ ያጠቃቸው። ግን ወጣቶችም አሉባቸው። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ሜዳዎቻችን ላይ ስንቶቹን አያችሁ? እኛ ያየነው አንድ ነው፤ እሱም ጃኬት ይዞ።

ሱናው ምን ይለናል?

ዐብደላህ ኢብን ኡሙ መክቱምን (ረዲየላሁ ዐንሁ) የማያውቅ የመድረሳ ልጅ የለም። ሱረቱ ዐበሰ የወረደችው በእሱ ጉዳይ ነው። ኹጥባ ላይ ስሙ ሲነሳ እናለቅሳለን። ከታሪኩ የምንይዘው ግን "ዐይነ ስውርን አታጎሳቁሉ" የሚለውን ብቻ ነው። የቀረውን እንዘለዋለን።

የቀረው ምንድነው? ረሱል (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ከቢላል ጋር ሙአዚን አድርገውት ነበር። የሱብሂን አዛን የሚያደርገው እሱ ነበር። ጎህ መቅደዱን ግን ማየት አይችልም። ታዲያ እንዴት ያውቅ ነበር? በሐዲስ እንደተዘገበው ሰዎች "ነግቷል" ይሉት ነበር፤ እሱም ተነስቶ አዛን ያደርጋል። ልብ በሉ ወንድሞች! "አንተ አታይም፣ ስለዚህ ሌላ ሰው አዛን ያድርግ" አልተባለም። ሰዎቹ ዐይን ሆኑለት እንጂ ቦታውን አልወሰዱበትም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለጉዞ ሲወጡም በተደጋጋሚ መዲና ላይ ተክተውት እንደሄዱ ተዘግቧል።

ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ አንድ ዐይነ ስውር ሰው መስጂድ የሚያደርሰው መሪ እንደሌለው ነግሯቸው ቤቱ እንዲሰግድ ፈቃድ ጠየቀ። ፈቀዱለት። ዞር ሲል መልሰው ጠሩትና አዛን ይሰማ እንደሆነ ጠየቁት። "አዎን" ሲል ጥሪውን እንዲመልስ ነገሩት። ዒትባን ኢብን ማሊክ ግን እይታው የደከመ፣ ዝናብ ሲዘንብ በእሱና በመስጂዱ መካከል ያለው ሸለቆ በጎርፍ የሚሞላበት ሰው ነበር። ቤቱ መጥተው እንዲሰግዱለት ሲለምን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አቡ በክርን አስከትለው ራሳቸው ሄዱለት።

እንግዲህ ሁለት መንገድ አየን። ወይ እሱ ወደ ጀመዓው ይመጣል፣ ወይ ጀመዓው ወደ እሱ ይሄዳል። "እሱ እዚያው ይቀመጥ፣ እኛ እንሂድ" የሚል ሦስተኛ መንገድ ከሁለቱም ታሪክ አይወጣም። ሐዲሶቹ የወረዱት ለሶላት ነው፣ ለኳስ አይደለም፤ ይገባናል። ግን ወንድምን የማየት አደብ ከመስጂድ በር ላይ የሚቀር ከሆነ ምኑን አደብ ሆነ?

"ግን እኮ..." ለምትሉ

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቻችን ስናነሳ አምስት መልስ ሰማን። አንድ በአንድ እንያቸው።

1ኛ፦ "ሶብር ያድርግ፤ ለሱ ጀነት ቃል ተገብቶለታል።" ትክክል ነው፤ በሁለት ዐይኑ ተፈትኖ ሶብር ላደረገ ሰው የተገባው ቃል በሶሒሕ ሐዲስ አለ። ነገር ግን ቃሉ የተገባው ለእሱ ነው፤ ለእኛ ስንፍና ማምለጫ አይደለም። የተራበ ሰው በሶብሩ አጅር ያገኛል ብለን ምግብ እንከለክለዋለን እንዴ? እሱ በሶብሩ ይጠየቃል፣ እኛ በመብቱ እንጠየቃለን።

2ኛ፦ "ስፖርት ጨዋታ ነው፤ ለሐፊዝ ሰው አይሆንም።" ለሐፊዝ የማይሆን ከሆነ ለእኛ ለምን ሆነ? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከእናታችን ዓኢሻ ጋር በሩጫ ተወዳድረዋል፤ ሩካናን ታግለው መጣላቸው ተዘግቧል። ብርቱ ሙእሚን ከደካማው የተሻለ መሆኑን፣ በሁለቱም ውስጥ ኸይር እንዳለ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። አካል በባለቤቱ ላይ ሐቅ አለው። ዐይን የሌለው አካል ሐቁ ተሰርዟል ያለ ዓሊም አልሰማንም።

3ኛ፦ "ይወድቃል።" አዎ፣ ይወድቃል። እኛስ አንወድቅም? ጉልበታችን ላይ ያለው ጠባሳ የማን ነው? ይልቅ እውነቱን ስሙ፤ የሚጥለው መቀመጥ ነው። ለዓመታት የተቀመጠ እግር ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ሚዛኑን ያጣል። ከዚያ ያ ሰው በጭሮ ዳገትና ቁልቁለት፣ ክዳን በሌለው ቦይ ዳር፣ በባጃጅና በሞተር መካከል፣ በመንገድ ዳር በተዘረጋ ጆንያ ላይ እየተራመደ መስጂድ መምጣት አለበት። ከማናችንም በላይ ጠንካራ እግር የሚያስፈልገው እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ሲል አካል ጉዳተኞችንም ጨምሮ ነው። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት 5 ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ነው። ስኳርና ደም ግፊት ዐይነ ስውር ነው ብለው ማንንም አይዘሉም።

4ኛ፦ "አይችልም።" ይህን ያለ ሰው ዜና አይሰማም። በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ በፓሪስ ፓራሊምፒክ ያየሽ ጌቴ 1500 ሜትሩን በ4:27.68 ጨርሳ ወርቅ ወሰደች፤ የዓለም ክብረ ወሰንም ሆነ። የሮጠችው ቲ11 በሚባለው ምድብ ነው፤ ምንም የማያዩ ወይም ለዚያ የቀረቡ ሯጮች ምድብ። ሁሉም እኩል እንዲሆኑ ዐይናቸው ይሸፈናል። አጠገቧ መሪዋ ክንዱ ሲሳይ አብሯት ይሮጥ ነበር፤ ሁለቱን ያገናኛቸው እጃቸው ላይ ያለች አጭር ገመድ ናት። በዚያው ምድብ በወንዶች ይታያል ስለሺ ብር አመጣ። የተወሰነ እይታ ባላቸው ምድብ ደግሞ ትዕግስት ገዛኸኝ በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ የኢትዮጵያን የመጀመሪያ የፓራሊምፒክ ወርቅ ወስዳ፣ በፓሪስ ደገመችው።

ሌላም እንጨምር። በ2009 ዓ.ም. መባቻ በሪዮ፣ እይታቸው የደከመ ወንዶች በሮጡት 1500 ሜትር አልጄሪያዊው ዐብዱለጢፍ ባካ በ3:48.29 አንደኛ፣ የእኛው ታምሩ ደምሴ በ3:48.49 ሁለተኛ ወጡ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት በዚያችው ከተማ የኦሎምፒኩ 1500 ሜትር ወርቅ የተወሰደው በ3:50.00 ነበር። የኦሎምፒኩ ፍጻሜ ዝግ ያለ ሩጫ ነበር የሚል ይኖራል፤ ነበር። ቢሆንም "አይችልም" የሚለውን ቃል ለመቅበር ይበቃል።

ኳስስ? የዐይነ ስውራን እግር ኳስ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፓራሊምፒክ ውድድር ነው። በየቡድኑ 5 ተጫዋች፤ በረኛው ያያል፣ አራቱ ዐይናቸው ተሸፍኗል። ኳሱ ሲንከባለል ይንኳኳል። ከተቃራኒው ጎል ጀርባ የቆመ መሪ በድምፅ አቅጣጫ ይሰጣል፤ ተመልካች ጎል እስኪገባ ድረስ ዝም ይላል። ኢራን በሪዮ ብር፣ ሞሮኮ በቶኪዮ ነሐስ ወስደዋል። እነዚህ ወንድሞቻችን የሚሰግዱት ወደ አንድ ቂብላ ከእኛ ጋር ነው።

5ኛ፦ "መሣሪያ የለም፤ በጀት የለም።" ለዚህ መልስ የምንሰጠው በገጠመን ነገር ነው።

የአንድ ጫማ ማሰሪያ

ያ ወንድማችን "9 ዓመት" ካለን በኋላ በነጋታው ጃኬታችንን አጥር ላይ ሰቀልነው። ከአንዳችን ጫማ ማሰሪያ ፈትተን ሁለቱን ጫፍ በቀለበት አሰርን፤ አንዱን እሱ፣ አንዱን ከመካከላችን በጣም ፈጣኑ ያዘ። ተነሱ።

30 እርምጃ ሳይሄዱ ወንድማችን ቆመ። "አቦ፣ እንደ ፍየል አትጎትተኝ! ከጎኔ ሁን፣ ሯጩ እኔ ነኝ" አለ።

በኋላ ስናነብ የውድድሩ ሕግ ራሱ ይህንኑ ይላል። መሪ ሯጩን መጎተት ወይም መግፋት አይችልም፤ የፍጻሜውን መስመርም ሯጩ ከመሪው ቀድሞ መርገጥ አለበት። እኛ ፈጣኑን ልጅ መረጥን፤ የሚያስፈልገው ግን ታጋሹ ነበር። ለካ የሜዳው ችግር የገመድ ወይም የብር አልነበረም። መርዳት ማለት መጎተት የሚመስለው ልባችን ነበር።

መሪ ቀየርን። ሁለተኛው ልጅ እጁን ከሱ እጅ ጋር እኩል እያወዛወዘ "ሚርጋ"፣ "ቢታ"፣ "ዳገት"፣ "ጉድጓድ" እያለ ሮጠ። ግማሽ ዙር ላይ ትንፋሹ አለቀ፤ 9 ዓመት ቀላል አይደለም። አንዴ ወድቆ መዳፉ ተላጠ። እኛ ደነገጥን፣ እሱ አቧራውን አራግፎ ገመዷ የት እንደወደቀች ጠየቀ። በማግስቱ ሱብሂ ላይ ጭኑ ስላመመው ሩኩዕ ሲወርድ ያቃስት ነበር። ሶላቱ ሲያልቅ ግን ፊቱ ይስቅ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን። አላበቃም። በሦስተኛው ሳምንት ተራው የደረሰው ልጅ ሱብሂን እቤቱ ሰግዶ ተኛ። እኛ የቀረነው ደግሞ ከሌላ ሰፈር ጋር ግጥሚያ ስለነበረን "እሱ ያመጣዋል" ብለን ወረድን። ወንድማችን ማሰሪያዋን እጁ ላይ ጠቅልሎ ፀሐይ እስክትወጣ መስጂዱ በር ላይ ቆሞ ቆየ። በፊት የጃኬታችን ጠባቂ ነበር፤ ያን ቀን የእኛ ጠባቂ አደረግነው። የትኛው እንደሚከፋ እናንተ ፍረዱ።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ስለተሳካልን አይደለም። አንድ ቀን ማስሮጥ ቀላል መሆኑን፣ ቃልን መጠበቅ ግን ከባድ መሆኑን ስላየን ነው። አንድ ቀን አስሩጠን ፎቶ ብንለጥፍ፣ ከዚያ ብንተወው፣ ከመጀመሪያው ባንነካው ይሻል ነበር።

ነገ ጠዋት መጀመር ለሚፈልግ

ብዙ አያስፈልግም፤ እኛ የሞከርነውንና የተማርነውን እንንገራችሁ።

● እርምጃ፦ እጁን አትጎትቱ። እሱ ክርናችሁን ይያዝ፣ እናንተ ግማሽ እርምጃ ቅደሙ። ከሱብሂ በኋላ ግማሽ ሰዓት። ሚኤሶና አሰቦት ያላችሁ ቆላ ናችሁና ፀሐይ ሳትከር ጨርሱ፤ ጭሮና ሂርና ያላችሁ ዳገቱን ተጠቀሙበት፣ አላህ የሰጠን የነፃ ጂም ነው።

● ሩጫ፦ ሜዳ ላይ፣ ከአስፋልት ራቅ ብሎ። የጫማ ማሰሪያ፣ አንድ ታጋሽ ሰው፣ አጫጭር ቃላት። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ቢሆን ቃላቱን አስቀድማችሁ ተስማሙባቸው። የመሪዎች ተራ በወረቀት ይጻፍ፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መሪና አንድ ተጠባባቂ ይኑር።

● እግር ኳስ፦ የሚንኳኳ ኳስ ከሌለ ኳሱን በፌስታል ጠቅልላችሁ እሰሩት፤ ሲንከባለል ይንኮሻኮሻል። ወይም ልጅ ሳለን የሠራነውን የካልሲ ኳስ ሥሩና መሐሉ ላይ ጥቂት ጠጠር ያለበት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ክተቱ። የምታዩትም ዐይናችሁን በሻሽ እሰሩና ግቡ። ማን ጎበዝ እንደሆነ ያኔ ይታያል።

● ጎልቦል፦ ለዐይነ ስውራን ብቻ የተፈጠረ ጨዋታ ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዐይናቸውን ላጡ ወታደሮች ተጀመረ። 3 ለ3 ናቸው፣ ሁሉም ዐይናቸው ይሸፈናል። ውስጡ ቃጭል ያለበትን 1.25 ኪሎ የሚመዝን ኳስ በእጅ እያንከባለሉ ወደ ጎል ይልካሉ፤ ተከላካዮቹ ድምፁን ሰምተው በአካላቸው ይጋርዳሉ። ሜዳው 18 በ9 ሜትር ነው፤ የመረብ ኳስ ሜዳ ልክ ማለት ነው። መስመሩ በእግር እንዲዳሰስ ሲባጎ መሬት ላይ ዘርግቶ ከላይ በፕላስተር መለጠፍ ይበቃል።

እህቶቻችንስ?

ወንዱ ቢያንስ ጃኬት ይዞ ሜዳው ዳር ይቀመጣል። ዐይነ ስውር እህታችን ግን ከግቢ አትወጣም። ሁለት ጊዜ ተቆልፎባታል፤ አንዴ "አታይም" ተብሎ፣ አንዴ "ሴት ናት" ተብሎ።

ሐያእን እንጠብቃለን፤ ለዚህ ማንም አያስተምረንም። ሐያእ ግን ጥግ ላይ መቀመጥ ማለት አይደለም። ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር በሩጫ የተወዳደረችው እናታችን ዓኢሻ ናት። ጎልቦል በዝግ አዳራሽ፣ ሰፊና ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ሴቶች ለብቻቸው ሊጫወቱት የሚቻል ነው። የቱርክ ሴቶች በዚህ ጨዋታ በሪዮ፣ በቶኪዮና በፓሪስ ተከታታይ 3 የፓራሊምፒክ ወርቅ ወስደዋል። የእኛዋ እህት ወርቅ ባትፈልግ እንኳ ገመድ መዝለል፣ ከእህቷ ጋር ክርን ይዞ መራመድ፣ በተዘጋ ግቢ ኳስ ማንከባለል ሐቋ ነው። የመድረሳ እህቶች፣ ይህ የእናንተ ሥራ ነው። ለሷ መሪ መሆን የምትችሉት እናንተ ናችሁ፤ ወንድሞች ሜዳ እስኪሰጧችሁ አትጠብቁ፣ አንድ ሰፊ ግቢና ሁለት ሰዓት ይበቃችኋል።

ከማን ምን እንጠይቃለን?

ኢማሞቻችንና የመስጂድ ኮሚቴዎቻችን፦ አንድ ጁምዓ ስለዚህ ተናገሩ። ወላጆች እኛን ባይሰሙ እናንተን ይሰማሉ። "ልጅህን አውጣው" የሚል አንድ ቃል ከሚንበር ሲመጣ ከ100 ፖስት ይበልጣል።

የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን፦ ማርክ በነፃ አትስጡ። ነፃ ማርክ "ከአንተ ምንም አንጠብቅም" የሚል ደብዳቤ ነው። አጠገቡ አንድ ጓደኛ መድቡ፣ ይሩጥ፣ ከዚያ የሚገባውን ስጡት።

የየከተማው የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች፦ አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 30 በስፖርትና በመዝናኛ ከሌላው ጋር እኩል የመሳተፍ መብትን ያካትታል፤ ሕፃናት በትምህርት ቤት የሚጫወቱትንም ጨምሮ። የበጋ ውድድር ስታዘጋጁ ከመሪ ጋር የሚሮጥ አንድ ዙር ጨምሩ። ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲም እዚሁ ጭሮ ነውና፣ በሳምንት አንድ ጠዋት ሜዳ ቢሰጥ፣ ተማሪዎቹም መሪ ሆነው ቢመጡ ትልቅ ሰደቃ ነው።

ማየት የተሳናችሁ ወንድሞችና እህቶች፦ ይህን ሰው እያነበበላችሁ ወይም ስልካችሁ እያነበበላችሁ ትሰሙ ይሆናል። ዐፍው በሉን። ግን ዝምታችሁንም ስበሩ። ነገ ጃኬት ጭናችሁ ላይ ሲጥሉ "መጀመሪያ አንድ ዙር" በሉ። ሐቅ የጠየቀ ለማኝ አይደለም።

በመጨረሻም እኛ፦ እይታው የደከመን ሰው መንገድ መምራት ሰደቃ እንደሆነ ሐዲስ አስተምሮናል። ሰደቃው የሚጻፈው ግን ሰውየው ወደሚፈልግበት ስትመራው ነው፤ አንተ ወደምትፈልግበት ድንጋይ መርተህ ስታስቀምጠው አይደለም።

እኛ ከዛሬ ጀምሮ የተራ ወረቀቱን መስጂዱ በር ውስጥ ለጥፈናል። የመጀመሪያው ስም ያን ቀን ተኝቶ የቀረው ወንድማችን ነው፤ ራሱ ነው ልጻፍ ያለው። ጃኬቶቻችን አጥር ላይ ናቸው። ቢሰረቁም ይሰረቁ።

አላህ ሱብሓነሁ ወተዓላ እዝነታችንን ከትዕቢት ያጥራልን። ለወንድሞቻችንና ለእህቶቻችን ዐይን እንድንሆን እንጂ ቦታቸውን እንዳንወስድ ያድርገን። ቃላችንን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።

ያነበባችሁ ለአንድ መምህር፣ ለአንድ ኢማምና ለአንድ ጃኬት አስጠባቂ ጓደኛ ሼር አድርጉ። ወላሁ አዕለም።